«ቆይ አሳየዋለሁ»

ፀጉር ቤት የሚሠራ ሰው የሰፈሩን ልጆች ጭንቅላት ከእናቶቻቸው ባልተናነሰ ያውቃል። የትኛው በልጅነቱ ከዛፍ ላይ እንደወደቀ፣ የትኛውን ላሽ ይዞት እንደነበር፣ ማሽኑ ሲያልፍ ሁሉም ይታያል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ጠባሳ እያየሁ ነው። ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ ወደ አንገት የሚወርድ፣ የስፌቱ ምልክት ግራና ቀኝ ነጥብ ነጥብ ያለበት። ወድቆ የተፈነከተ ልጅ ጠባሳው ዝርክርክ ነው። ይሄ ግን ቀጥ ያለ መስመር ነው። ስለት ነው።

ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠይቅም። «ዜሮ ላድርገው ወይስ እዚህ ጋ ትንሽ ልተውልህ?» ነው የምለው። «ተውልኝ» ካለ መሸፈን ፈልጓል። «ዜሮ አድርገው» ካለ እንዲታይለት ፈልጓል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው።

ሱቄ ሀዋሳ ነው፤ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙም አይርቅም። የሰፈሩን ስም አልጠራም። ከጠራሁት ሰው ወዲያው «አዎ፣ እዚያማ ዱርዬ ይበዛል» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። ደግሞ ሀዋሳ የምትፈራ ከተማ አይደለችም። እንግዳ መጥቶ ሐይቁን አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ታቦር ተራራ ላይ ፎቶ ተነስቶ በሰላም ይመለሳል። እኔ የማወራው እንግዳ የማያየውን ነው፤ ከትምህርት ቤት መውጫ እስከ ቤት ባለው መንገድ ላይ የሚሆነውን።

ቢላዋ ራሱ ችግር ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ዳር በየቀኑ ሰው በሞተ ነበር። ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱና እዩ። ጀልባዎቹ ሲመጡ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚበልቱት ጎረምሶች ናቸው። ጢም ያላበቀለ ልጅ ቢላዋውን ከዓሣው አንገት ሥር ይሰደዋል፣ በአከርካሪው ላይ ያንሸራትተዋል፣ ቆዳውን ገፍፎ ሥጋውን ለብቻ ያወጣል። ይሄ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ ነው። ጭንቅላቱንና አንጀቱን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻሙበታል። ሥራው ሲያልቅ ቢላዋው ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እነዚያ ልጆች እኔ ጋ ሲመጡ የዓሣ ሽታ ይዘው ይመጣሉ እንጂ ስለት ይዘው አይመጡም። ቀኑን ሙሉ ሲቆርጥ የሚውል ሰው ስለት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ኪሱ ውስጥ ሴንጢ የሚከተው ሌላ ልጅ ነው። ብዙ ሰው የሚመስለው የሰፈሩ ጉልቤ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማይገራ ነው። እኔ እንዳየሁት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑ ነው። መንገድ ላይ ስልኩን የተቀማው፣ በሴት ጓደኛው ፊት በጥፊ የተመታው፣ ወደ ቤቱ ለመግባት የሌላ ሰፈር ልጆች የሚቀመጡበትን ድልድይ ማለፍ ያለበት። «ለመከላከያ ነው» ይላሉ ሲጠየቁ። ውሸት አይመስለኝም። ፍርሃት ነው። ችግሩ፣ ያኛውም ፈርቷል። ሁለት የፈሩ ልጆች ተገናኝተው አንዱ የሌላውን እጅ ወደ ኪስ ሲሄድ ካየ፣ ቀድሞ ያወጣ ነው የሚድነው ብሎ ያስባል። በቡጢ ተጀምሮ በማግስቱ ሻይ ቤት የሚያልቅ የነበረው ፀብ በዚህች ቅጽበት መልኩን ይቀይራል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ልጆቹ ዝም አይሉም። ይናገራሉ። ከወሬው በፊት የመጣ ፀብ አላየሁም ማለት እችላለሁ። «ቆይ አሳየዋለሁ» ይላሉ። ፑል ቤት ይናገራሉ፣ ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ይናገራሉ፣ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ ይናገራሉ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው በመስታወት እያዩኝ ይናገራሉ። ቀኑን ይናገራሉ፣ ቦታውን ይናገራሉ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ እኔ ሁለቱም ፊቴ ነው የሚሆነው። ታዲያ ይሄን ሁሉ የሚሰማው ማን ነው? ባለ ፑሉ፣ ባለ ባጃጁ፣ ሲጋራና ማስቲካ የምትሸጠው ልጅ፣ እኔ። ወላጅም፣ መምህርም፣ ፖሊስም አይሰማም። እነሱ የሚሰሙት ልጁ አዳሬ ወይም ሪፈራል ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው።

በስድቡና በስለቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማታ አለ። ልጁ ቤቱ ገብቶ፣ ስልኩን ይዞ ተጋድሞ፣ ጓደኞቹ በቴሌግራም ሲያነሳሱት የሚያመሽበት። እርዳታ ካለ መድረስ ያለበት ያኔ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መጣና ፌድ አድርገኝ አለኝ። ጎኑ ጓደኛው ተቀምጧል። ከማሽኑ ድምፅ በላይ ሆነው ያወራሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ኳስ የሚያዩበት ቤት አንድ ልጅ ኮፍያውን ከራሱ ላይ ነጥቆ መሬት ጥሎ ረግጦታል። ሌላው ደግሞ ቀርጾት ኖሮ ቪዲዮው በክፍላቸው ግሩፕ ዞረ። ሳቅ፣ ስቲከር፣ ምን ያልተለጠፈ አለ! «ቆይ አሳየዋለሁ፤ ነገ ሲወጣ» አለ ልጁ። ይሄን ሲል ከጨርቁ ሥር ቀኝ እጁ ወደ ጭኑ ሄደችና ኪሱን ነካ አደረገች። ሞባይሉ ግን መስታወቱ ሥር፣ ቻርጅ ላይ ነበር።

ሰው በዚህ ጊዜ ስብከት ይጀምራል። እኔ ማሽኑን አዘገየሁ። ፌዱን ደጋግሜ አስተካከልኩት፣ ጓደኛው ሰለቸውና ወጣ። ከዚያ «ቪዲዮውን አየሁት» አልኩት። አላየሁትም ነበር። «አንተን ብሆን እኔም ይከነክነኝ ነበር» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ ዝም ብል እኮ በቃ፣ ሁሌም መጫወቻ ነው የምሆነው» አለኝ። ዓይኑ ውሃ አቀረረ። ይሄ ልጅ ሰው መውጋት አይፈልግም ነበር። ከዚያ ግሩፕ የሚወጣበት ሌላ በር ነው የጠፋው። «ማንን ነው ቤታችሁ ውስጥ የምትሰማው?» ስለው «ወንድሜን» አለ። ወንድሙ ከመናኸሪያ ፒያሳ ባጃጅ ይነዳል፤ አውቀዋለሁ። «ልደውልለት ነው» አልኩት ፊት ለፊት። ተቆጣ። ግን አልወጣም። ተነስቶ ሊሄድ ሲችል ተቀምጦ መጠበቁን ልብ በሉ።

ወንድሙ ሲመጣ አልጮኸበትም፣ አልፈተሸውም። «ና እራት እንብላ» ብሎ ይዞት ሄደ። በኋላ እንደነገረኝ ባጃጁ ውስጥ ሆነው ብዙ አወሩ፤ ልጁ ራሱ ነው አውጥቶ የሰጠው። ገበያ በርካሽ የሚሸጥ ተጣጣፊ ሴንጢ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አብሮት ሄደ። ወደዚህ ታሪክ እመለሳለሁ።

ከልጆቹ ጋር ስናወራ ደጋግሜ የምሰማቸው ሁለት ወሬዎች አሉ። ሁለቱም ሰው ያስገድላሉ።

አንደኛው «እግሩን ብቻ ነው የምወጋው» የሚለው ነው። ሆድና ደረት ገዳይ ነው፣ እግርና ቂጥ ማስፈራሪያ ነው ብለው ያምናሉ። ጭን ውስጥ ከሰውነታችን ትላልቅ የደም ቧንቧዎች አንዱ ያልፋል። አንድ አዋቂ ሰው ያለው ደም በጠቅላላ ወደ 5 ሊትር ነው። ያ ቧንቧ ከተቆረጠ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ባጃጅ እስኪገኝ አይቆይም። ቢላዋ ቀስ ብሎ የሚገባበት፣ አይጎዳም የሚባል የሰውነት ክፍል የለም። ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። ከ«ፈጣሪን ፍራ» ይልቅ ይሄ ይሠራል፤ ምን ላድርግ።

ሁለተኛው «ከ18 በታች አይታሰርም» ነው። የወንጀል ሕጋችን፣ የ1996ቱ፣ እንዲህ አይልም። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ላለው የተለዩ የእርምት እርምጃዎች አሉ። 15 ካለፈ ግን፣ 18 ባይሞላውም፣ የሚዳኘው በአዋቂው ድንጋጌ ነው። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም፤ ሊታሰር ግን ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። በተራ ሰው መግደል የተፈረደበት ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። ሴንጢውን ያቀበለውም፣ «በለው» እያለ ያነሳሳውም ይጠየቃል። ያ ሁሉ ስቲከር የሚለጥፍ ጀለስ ይሄን ቢያውቅ ጣቱ ትንሽ ይከብደው ነበር። ልጅ ተይዞ ከሆነ ደግሞ ወላጅ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ በማረሚያ ያሉ ልጆች ከአዋቂ እስረኞች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። ጠበቃ መክፈል የማይችል ቤተሰብ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ።

የተወጋ ሰው ፊታችሁ ቢወድቅስ? ቢላዋው ሰውነቱ ውስጥ ካለ አትንቀሉት፤ ራሱ ቢላዋው ደሙን ይዞት ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንዳይነቃነቅ አድርጉ። ከወጣ ደግሞ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ፣ ካልተገኘ በለበሳችሁት ሸሚዝ፣ በሙሉ ጉልበት ተጫኑት። ጨርቁ በደም ቢርስ አታንሱት፣ በላዩ ጨምሩበት። እጅ ወይም እግር ሆኖ ደሙ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩና በስንት ሰዓት ላይ እንዳሰራችሁት ያዙ። አስተኙት፣ ልብስ አልብሱት። ውሃም አረቄም አታጠጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊገባ ይችላል። የቡና ዱቄት ደግሞ እባካችሁ፣ ቡናውን ለጀበናው ተዉት። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ይየው፤ ስለት ከላይ አንድ ጣት ከፍቶ ከውስጥ ሳንባ ሊደርስ ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም አለ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ የፖሊስ 991። ሁለቱንም በወረቀት ጽፌ መስታወቱ ጥግ ለጥፌያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ባጃጅ ነው። ባለ ባጃጆቹ ደግሞ ይፈራሉ። «ጭኜው ብሄድ እኔው ተጠርጣሪ እሆናለሁ፣ ቃል ስጥ ተብዬ ስመላለስ ሥራዬ ይቆማል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የተጉላላ ሹፌር አውቃለሁ። ሆኖም ሕጉ ከነሱ ጋር ነው። ለሞት የተቃረበን ሰው፣ ራስን አደጋ ላይ ሳይጥሉ መርዳት እየተቻለ ዝም ብሎ ማለፍ ራሱ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። የእነዚህን ሹፌሮች መጉላላት የሚያስቀር አሠራር ፖሊስ ቢያበጅ፣ በዚህ ከተማ ነፍስ ያተርፋል ብዬ የማምነው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

አልጋው ዳር የሚሆነውን ደግሞ ጠይቄ ሳይሆን አይቼ ነው የማውቀው። የተወጋ የሰፈር ልጅ ልንጠይቅ ሆስፒታል እንሄዳለን። እናትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ እግሩ ሥር ተቀምጣለች። ብርቱካንና ጁስ ይመጣል። ከዚያ ጓደኞቹ ይገባሉ፣ ተሰብስበው፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር «ማን እንደሆነ ብቻ ንገረን» ይላል። የሚቀጥለው ፀብ የሚጠነሰሰው እዚያው፣ ጉሉኮሱ እየተንጠባጠበ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢረሳም የሚያስታውሱት አሉ።

ስኮትላንድ ውስጥ ያለችው ግላስጎው በአንድ ወቅት በወጣቶች የቢላዋ ፀብ ስሟ የከፋ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ፖሊሶቹ ራሳቸው «ማሰር ብቻውን አልሠራም» ብለው አመፅን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚያይ አንድ ክፍል አቋቋሙ። ከጤና ሰው፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሥራ አስቀጣሪ ጋር አብረው ሠሩ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሰዎች አስቀመጡ። የተወጋ ልጅ ሲገባ አልጋው ዳር ሄደው የሚያወሩት፣ ሲወጣም የሚከታተሉት። አንዳንዶቹ ራሳቸው በዚያ ሕይወት ያለፉ ናቸው። ፀቡ ፈጽሞ ባይጠፋም ግድያው በጣም ቀንሷል። እኔን የገረመኝ ቦታው ነው። ያ ጓደኛ ጎንበስ ብሎ የሚያንሾካሹክበትን ወንበር ቀድመው ያዙት።

እኛ ጋ ያንን ወንበር የሚይዝ ሰው አናጣም። ሽምግልና የት አገር አለ እንደኛ? ሲዳማዎች አፊኒ የሚሉት የሽምግልና ሥርዓት አላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ተናግሮ፣ ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ አይነሱም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹም ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ የንስሐ አባቱም አለን። ቅሬታዬ ሰዓቱ ላይ ነው። ሽማግሌ የሚጠራው ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ካሣ ለመነጋገር ነው። ለኮፍያ ማን ሽማግሌ ይልካል? ለተረገጠ ኮፍያ ሽማግሌ ቢላክ ሰው ይስቃል። ግን ልጁን ገበያ ወስዶ ሴንጢ ያስገዛው ያ ኮፍያ ነው። ከባድ ጉዳት ከደረሰ በኋላማ ዕርቁ ቂሙን ያበርድ እንደሆነ እንጂ ፍርድ ቤቱን አይተካም።

ሌላው የሚዘነጋው የዳነው ልጅ ነው። ቁስሉ ሽሮ ስፌቱ ወጥቶ፣ እንቅልፍ የለም። ከኋላው ሰው ሲመጣ ይበረግጋል። አንዱ ደንበኛዬ ከተወጋ በኋላ ወንበሬ ላይ ጀርባውን ለበሩ መስጠት አልቻለም፤ ወንበሩን አዙሬ፣ በሩን እያየ ነው የምቆርጠው። ይሄ ሕክምና አለው። ሪፈራል፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «እብድ ነው ወይ የምታደርገኝ?» ይላሉ። ፀበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ከሐኪሙ ጋር አይጣላም። ይሄ ፍርሃት ሳይታከም ሲቀር ነው ልጁ ቀጥሎ ሴንጢ የሚገዛው።

ስለ ወጣት ማዕከሎች ብዙ ማለት አልፈልግም። ጥሩ ናቸው። መጽሐፍም ጠረጴዛ ቴኒስም አላቸው። እኔ የማውቀው ግን ልጆቹ መሄጃ የሚያጡበት ሰዓት ሲደርስ በሩን የሚቆልፍ ነው። ፑል ቤቱ አይቆልፍም።

እናቶች የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ትንሹን ልጃቸውን ለማስቆረጥ ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ የትልቁን ሱሪ ላጥብ ስል ስለት አገኘሁ፤ ምን ላድርግ?» አባትየው ከሰማ ይገድለዋል ይላሉ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የምላቸው ይሄን ነው። መልሰው ኪሱ አይክተቱት። ሰው ፊት አይጠይቁት። «ማንን ልትወጋ ነው?» ብለው አይጀምሩ፤ «ማንን ነው የምትፈራው?» ይበሉት። መልስ ከሰጠ ነገሩ ብዙ ጊዜ መንገድ ነው፤ አንድ ማለፊያ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ግሩፕ። መንገዱን መቀየር ይቻላል። ለተወሰነ ጊዜ አክስቱ ጋ ማደር ይቻላል። ትምህርት ቤት ሄዶ የክፍል ኃላፊውን ወይም የምክር አገልግሎት መምህሩን ማናገር ይቻላል። የሚያስፈራራው ሰው አዋቂ ከሆነ ወይም ዛቻው ቀን ተቆርጦለት ከሆነ ግን የቀበሌው ማኅበረሰብ ዐቀፍ ፖሊስ ጋ ዛሬውኑ መሄድ ነው፤ ነገ አይባልም። ብዙ እናት ፖሊስ ጋ መሄድን ልጇን አሳልፎ መስጠት አድርጋ ታየዋለች። ከፀቡ በፊት የሄደች እናት ልጇን ይዛ ነው የምትመለሰው።

ያ የኮፍያው ልጅ ምን ሆነ ላላችሁ፤ ወንድሙ የዕድራችንን ዳኛ ይዞ ያኛው ልጅ ቤት ሄደ። የኮፍያ ጉዳይ ነው ብለው ሲገቡ እናትየው መጀመሪያ ሳቀች፣ ሴንጢውን ሲያሳዩዋት ተቀመጠች። ልጇን ጠርታ ይቅርታ አስባለችው፤ ኮፍያም አስገዛችው። ቪዲዮው ከግሩፑ ተሰረዘ፤ የቀረጸው ልጅ ስልክ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ልጆቹ ጓደኛ አልሆኑም። መንገድ ላይ ሲተላለፉ አሁንም ሰላም አይባባሉም፣ አንዱ ሲመጣ አንዱ ማዶ ይሻገራል። ሁለቱም የኔ ደንበኞች ናቸው። አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ ሌላው ከሰዓት። ቀጠሮውን የማምታታ ሰው አይደለሁም።